የቀትሩ ሾፌር

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ጋደም ጋደም ባልንበት፣ ከልጄ ከሐያት ስልክ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ ሺህ ፌንጣ ቆርቆሮ ውስጥ ታጉሮ የሚንጫጫ የሚመስል ጩኸት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ጩኸት። ድምፁን ከሰማሁት ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎኛል፤ ሰውነቴ ግን ትናንት እንደሰማው ሁሉ ደርቆ ቀረና ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ።

«አባዬ፣ ምን ረገጥክ?» አለችኝ።

«ፍሬን።»

ቀልዴን ከቁም ነገሬ መለየት ካቆመች ቆይታለችና ሳቅ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የድሮ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በስልክ የሚያጫውት ነገር አግኝታ ነበር፤ በልጅነቴ የመኪና ጨዋታ ነበረን እያልኩ ስለማሰለቻት፣ ያንኑ ፈልጋ አውጥታ «ይኸው የአንተ ዘመን» ልትለኝ ነው ያሰበችው።

«ይጮኻል እንጂ አይከፍትም። የተበላሸ መሰለኝ።»

«አልተበላሸም፤ ታገሺው» አልኳት፤ እኔ ግን ባይከፍት በወደድኩ ነበር።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። በከተማው የሚያውቁኝ ሰዎች ወሬዬን የሚሰሙት ግማሹን ቀንሰው ነው፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ አየሁ ካልኩ ጣት የሚያህል መሆኑን ያውቃሉ፣ ሦስት ቀን ዘነበ ካልኩ ካፊያ ነበር ብለው ልብሳቸውን ያሰጣሉ። አልቀየማቸውም። እናንተም ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አቧራውና ስለ ጓደኛዬ ስለ ኦሞድ የምነግራችሁን እንደየአቅማችሁ ቀንሱ። ስለ መኪናዋ የምነግራችሁን ግን አትንኩብኝ፤ እሱን መቀነስ ቢቻል ኖሮ እኔው ራሴ ድሮ በቀነስኩት።

ቤታችን ከፊቱ ሱቅ ከኋላው መኖሪያ ሆኖ፣ ድሮ የሱዳን መርከብ ይቆምበት ወደነበረው ወደ ባሮ ዳርቻ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባዬ ከሱቁ በፊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከደጋ ጨውና ሳሙና ጭኖ የቡሬን ቁልቁለት ሲወርድ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ታናሽ ወንድሙን ሰይድንም አጠገቡ አስቀምጦ መሪ አስይዞት፣ በኋላ መኪናውን ለሰይድ ለቆ እሱ ሱቅ ገባ። በበጋ የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ብቻ አልነበረም የሚያሰግደው፤ መደርደሪያችን ላይ ያለው ሻማ እንኳ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ወገቡን አጥፎ ሩኩዕ ወርዶ ይገኝ ነበር፣ ጥላም ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር ይሸጎጥ ነበር። የከተማው መብራት የሚመጣው ማታ ለጥቂት ሰዓት ሲሆን፣ አባዬ ግን ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ ስለነበረው ትንሽ ጄኔሬተር ገዝቶ፣ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲወድቅ፣ ለጠርሙሶቹ ሲል ያስነሳው ነበር። በዚያ ሰዓት በከተማው የሚሰማው የእኛ ጄኔሬተር ብቻ ነበር።

ቴሌቪዥንም ነበረን። ሥርጭቱ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ አባዬ ግን የገዛው ለሥርጭቱ ሳይሆን ለክብሩ ስለነበር፣ በጥልፍ ሸፍኖ ያስቀምጠውና ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ገልጦ ያበራለት ነበር፤ እንግዳውም የሚርመሰመሰውን ነጭ በረዶ በአድናቆት ያያል። በጋምቤላ ምድር በረዶ ያየነው እዚያ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ብርድ ብርድ ያለው ደንበኛ በዓይኔ አይቻለሁ።

በአንዱ በጋ፣ አቦቦ በኩል ግድብ ሊሠሩ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ፣ ሁልጊዜ ሱቃችን መጥቶ ጠርሙስ ግንባሩ ላይ እያንከባለለ ይቀመጥ የነበረው ቀይ ሰው፣ አገሩ ሊገባ ሲል ሻንጣው አልዘጋ ብሎት አንድ ዕቃ አውጥቶ ለአባዬ ሰጠው። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ብቻ ተቆርጠው የቀሩ የሚመስል ጥቁር ሰሌዳ፣ የካሴት ማጫወቻና አንዲት ካሴት ነበሩ። ፈረንጁ ሰሌዳውን ከቴሌቪዥኑና ከካሴት ማጫወቻው ጋር እንዴት እንደምናያይዘው በእጁ ምልክት ለእኔና ለኦሞድ አሳይቶን ሄደ። ኦሞድ የጎረቤታችን የአኙዋኩ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር፤ አማርኛን የተማረው ከእኔ ስለሆነ መጀመሪያ የጨረሰው ስድቡን ነው።

ያ ካሴት መጀመሪያ የጮኸ ቀን ቀትር ነበር። ቀትር ደግሞ በእኛ ቤት የሰው ሰዓት አይደለም፤ እማዬ «ቀትር ላይ ባሮ አትውረዱ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፋችኋል» ትል ነበር። የኦሞድ አባትም በዚያ ሰዓት ጀልባቸውን አስረው ዛፍ ሥር ይተኙ ነበርና እኔ ይህን እንደ ማስረጃ ይዤ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ሙቀት ነዋ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። ብቻ ካሴቱ ሲጮኽ ውሾች አለቀሱ፣ ኢታንግ ድረስ ያሉ ጅቦች በቀን መለሱለት፤ የአጎቴ የሰይድ ሚስት እትዬ ዘይነብም ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ቁርአን ስትቀራ፣ ጩኸቱ ድንገት ተቋርጦ፣ በረዶው ጠፍቶ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት መንገድ ታየች።

ጥቁር መንገድ ናት፤ በግራና በቀኝ ጥቃቅን ካሬ የሚመስሉ ቁጥቋጦዎች፣ መሐሏ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል መኪና። ሌሎች መኪኖች ከኋላ እየመጡ ሊገፉህ ይሞክራሉ፣ አንተ ደግሞ ወይ ታመልጣቸዋለህ፣ ወይ ከኋላህ ዘይት ደፍተህ ታንሸራትታቸዋለህ። እኔ አመልጥ ነበር። ኦሞድ ከማንም ስለማያመልጥ የፊት የኋላውን ሁሉ እየገጨ ይሄድ ነበር። አባዬ አንድ ጊዜ ከሱቁ ብቅ ብሎ አየንና፣ «በአስፋልት ላይ ዘይት የሚደፋ ሾፌር እኔ አላውቅም። መንጃ ፈቃድ የሰጣችሁ ማነው?» ብሎ ተመለሰ። ሰሌዳው በሙቀቱ ግሎ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ከፍሪጁ ሁለት ቀዝቃዛ ጠርሙስ አውጥተን እንደ ትራስ እናስደግፈው ነበር፤ ሲሻለው ጠርሙሶቹን ኦሞድ ይጠጣቸዋል። ሃያ ጠርሙስ በአንድ ቀትር ጠጥቶ አያውቅም ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

አሁን ስለማይጠረገው ክፍል ልንገራችሁ።

በሾፌር ቤት፣ መንገደኛ ከወጣ በኋላ መድረሱ ሳይሰማ ቤት አይጠረግም፤ ከኋላው ጠርጎ ማውጣት ዱካውን ማጥፋት፣ ዳግም አትምጣ ማለት ነው። አጎቴ ሰይድ በጭነት ሲወጣ ሚስቱ እትዬ ዘይነብ መጥረጊያዋን በር ሥር አስቀምጣ ትጠብቅና፣ ወይ የመጣ ሾፌር «ጎሬ ላይ አይቼዋለሁ» ሲላት፣ ወይ የራሱን መኪና ድምፅ ስትሰማ ትጠርግ ነበር። ከጨዋታው በፊት ባለው ክረምት ሰይድ ለጭነት ወጣ። ሲመለስ ረዳቱ አሞት ቡሬ ላይ ስለቀረ ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለች ድልድይ በታች መኪናው ጎርፍ ውስጥ ተገኘ፤ የሾፌሩ በር ተከፍቶ ነበር፣ ውስጡ ግን ማንም አልነበረም።

አባዬ ያችን የተከፈተች በር ይዞ ቀረ። «በሩን ከፍቶ ወርዷል፤ ጎርፍ የመኪና በር አይከፍትም» ይል ነበር። የመስጊዱ ሸኽ ሬሳ በሌለበት የሚሰገድ ሶላት እንዳለ፣ ከዚያም እትዬ ዘይነብ ሐዘኗን ተቀምጣ ነፃ እንደምትወጣ ደጋግመው ቢነግሩትም፣ ቃሉ የታላቅ ወንድም ነበርና አባዬ «በሕይወት ያለ ሰው ላይ አልሰግድም» ብሎ እንቢ አለ። እሷም ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት፣ አላለቀሰች አልተጽናናች፣ ቀኑን ሙሉ በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዋ የሰው ልብስ ስትሰፋ ትውል ነበር። ቤቱን ሁሉ ትጠርጋለች፤ የራሷን ክፍል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያ አልነካውም። ኦሞድ አቧራውን በሩቁ አይቶ «እዚህ በቆሎ ይበቅላል» ብሎኝ ነበር፤ ማጋነን ከእኔ እንዳልተጀመረ ይታወቅልኝ።

በጋው አልቆ ደመናው ከደጋ በኩል መከመር በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቀትር እኔና ኦሞድ ጨዋታውን እንዳለ ትተን ጠርሙስ ልናወጣ ወደ ፍሪጁ ሄድን፤ ስንመለስ መኪናዋ እየሄደች ነበር። ቁጥቋጦዎቹ ይሮጣሉ፣ መንገዱ ይታጠፋል፣ እሷም ታጥፋ ትሄዳለች።

«አንተ ዋሾ፣ በምንህ ነው የምትነዳው?» አለኝ ኦሞድ።

ሁለቱንም እጄን ከነጠርሙሶቹ አሳየሁት። የራሱን እጆችም አያቸው፤ ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን በጥርሱ እንደያዘ ቀረ።

ዛሬ ቢሆን ሐያት በሁለት ቃል ታስረዳን ነበር፤ እነዚያ የድሮ ጨዋታዎች የሚነካቸው ሲጠፋ፣ ለገበያተኛ ማሳያ እንዲሆን፣ አስቀድሞ የተቀዳ አነዳድ ራሳቸው ያሳያሉ። እኛ ይህን ማን ነግሮን? ቀትር ነው፣ ከተማው ጭር ብሏል፣ መኪና ያለ ሰው ይሄዳል። ሁለታችንም ወደ ሱቁ ሮጠን አባዬን እየጎተትን አመጣነው፤ እሱም «ደግሞ ምን ሰበራችሁ?» እያለ እየሳቀ መጥቶ ቆመ።

ያኔ ነው መንገዱ ላይ ድልድይ የመጣው። እኛ ስንጫወት በፍጥነት የምናልፈው ሁለት ነጭ መስመር ነበር። ያለ ሰው የምትሄደው መኪና ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ወደ ግራ ጠጋ አለች፣ ከድልድዩ አፍ ላይ ቆመች፤ መብራቷን ሁለት ጊዜ አጥፍታ አበራችና ቀስ ብላ ተሻገረች። ከድልድዩ ማዶ ኩርባ አለ። ኩርባው ላይ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ከመንገድ ወጣችና ነጭ ብልጭታ ሆነች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከመጀመሪያው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

አባዬ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠ። በዝናብ ወራት ሾፌር ድልድይ አፍ ላይ ይቆማል፣ ይህ የታወቀ ነው፤ ረዳት ወርዶ በእግሩ እስኪያይለት ይጠብቃል። ሰይድ ግን ረዳት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በጋም ሆነ ክረምት፣ መሪው በግራ ነውና ወደ ግራ ተጠግቶ ውኃውን በመስኮት ያያል፣ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ያበራል። «ምን ታደርጋለህ?» ሲሉት «ድልድዩን ሰላም እለዋለሁ» ይል ነበር። ሾፌሮቹ ሁሉ ይስቁበት ነበር። ሌላ እንደዚያ የሚያደርግ ሾፌር አልነበረም።

«አባዬ?» አልኩት።

«ዝም በል። እንዳትነኩት።»

እንዳትነኳት አላለም።

ክረምቱ ገባ። ባሮ ቡናማ ሆኖ ሞልቶ ዳርቻው ላይ ያሉትን ዛፎች እስከ ወገባቸው ዋጠ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከደጋ የሚወርድ መኪና ቀረ፣ ሱቁ ውስጥ ከጨውና ከሚሰግደው ሻማ በቀር ዕቃ ጠፋ። አባዬ ግን ቀትር በደረሰ ቁጥር፣ ፍሪጁ ባዶ ሆኖም እንኳ፣ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ካሴቱን ከፍቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። እኔና ኦሞድ ከኋላው መሬት ላይ እንቀመጣለን። ጨዋታ የሚባል ነገር ቀረ። አንድ ጊዜ ኦሞድ ዝንብ ሲያባርር እጁ ቁልፉን ነካና መኪናዋ ድልድዩ ላይ እንዳለች ድርግም ብላ ጠፋች፤ አባዬ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መኪናዋ እንደገና ከመጀመሪያው እስክትነሳ ድረስ አልተነፈሰም። ያኔ ነው ሕጉን ያወቅነው፦ ካልነካኸው ይሄዳል፣ ከነካኸው ይጠፋል፤ ልታግዘው አትችልም። ኩርባው ላይ ስትደርስ የአባዬ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጥ ነበር፤ ክረምቱ ሲያልቅ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ ዶሮ ውኃ ትጠጣበት ነበር ካልኳችሁ ግማሹን ቀንሱት፣ ግማሹ ግን እውነት ነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የሰማው ኦሞድ ነው። ክንዴን ቆንጠጥ አድርጎ ወደ እትዬ ዘይነብ ክፍል ግድግዳ በአገጩ አመለከተኝ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማ ነበር፤ በቴሌቪዥኑ ያለችው መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ስትቆም ስፌቱ ቆመ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። መኪናዋ ስትሻገር ስፌቱ ቀጠለ። በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው፤ በሚቀጥለውም። እሷ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጩኸት በኋላ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀርባ አታውቅም፣ ግድግዳውም የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ምን እንደምናይ የነገራት ሰው አልነበረም።

«እንሂድ» አለኝ ኦሞድ በሹክሹክታ።

«የት?»

«ባሮ። ጋኔኑ እዚያ ይሻላል።»

እማዬ ይህን ሁሉ አይታ አልታገሠችም። «ሁሴን፣ አንተ የሞተውን እዚህ አስቀምጠህ ታጫውታለህ፣ በቁሟ ያለችውን እዚያ ቀብረሃታል» አለችው አንድ ቀን። አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ፣ «የሞተ ሰው አይነዳም» አላት።

በማግስቱ ቀትር ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ መኪናዋ ድልድዩ ጋ ደርሳ ስትቆም የስፌቱ ድምፅ እንደ ወትሮው ቆመ፤ መኪናዋ ስትሻገር ግን ስፌቱ አልቀጠለም። መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ዘይነብ ገባች። ጣቷ ላይ የስፌት ክር እንደተጠመጠመ ነበር።

«ጋሼ ሁሴን፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ልቤ ቀጥ ይላል። ምንድን ነው የምታዩት?»

አባዬ ሊደብቅ የፈለገ መስሎኝ ነበር፤ ግን ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀመጠች። መኪናዋ ከመጀመሪያው ተነሳች፣ መንገዱን ይዛ መጣች፣ ወደ ግራ ጠጋ አለች፣ ቆመች፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። እትዬ ዘይነብ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክሩን ከጣቷ ላይ እየፈታች፣ «እሱ ነው» አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ አባዬ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። «አላልኳችሁም በሩን ከፍቶ ወርዷል?»

መኪናዋ ተሻገረች፣ ኩርባው ላይ ሄደች፣ ብልጭታ ሆነች። እትዬ ዘይነብ ብድግ አለች።

«ምን ሆነ?»

«ይመለሳል» አለ አባዬ። «ቆይ ይመለሳል።»

ተመለሰች። ሰላም አለች፣ ተሻገረች፣ ወደቀች። እትዬ ዘይነብ ደግማ አየች፣ ሦስተኛም አየች፤ ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ፣ ሕፃን እንደሚጠየቅ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ ሁሴን፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጥሉት?»

በቴሌቪዥኑ ላይ መኪናዋ እንደገና ተነስታ መጥታ ድልድዩ አፍ ላይ ቆማ ነበር። አባዬ እጁን ዘረጋ፤ እንዳትነኩት እያለ ክረምቱን ሙሉ የከለከለን ሰው፣ መኪናዋ ተሻግራ ወደ ኩርባው ስትቃረብ፣ ቀኝ እግሩን ሳያነሳ፣ አንዲት ቁልፍ በአንድ ጣቱ ነካ። መኪናዋ ሳትወድቅ ጠፋች።

«አሁን ይሂድ» አለች እትዬ ዘይነብ።

አባዬ እንደገና እስክትነሳ አልጠበቀም። ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀለው። ኦሞድ ከጎኔ ያለውን ጠርሙስ አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው፤ ይህም እስከ ዛሬ ያየሁት ትልቁ ተአምር ነው።

በነጋታው ጠዋት ከእንቅልፌ ያነቃኝ የመጥረጊያ ድምፅ ነበር። ከእትዬ ዘይነብ ክፍል ይመጣ ነበር፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ቸኩሎ የማያውቅ ድምፅ፣ በመሐሉ እያቆመች፣ እያለቀሰች፣ ደግሞ እየጠረገች። ስንወጣ አቧራው በሯ ላይ ተከምሮ አየነው፤ ስንት አካፋ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ስለማታምኑኝ። የዚያኑ ጁምዓ አባዬ በመስጊዱ ከፊት ቆሞ፣ ሬሳ በሌለበት፣ ለወንድሙ አሰገደ፤ ሰደቃውም ተበላ፤ የኦሞድ አባት ለሰደቃው ያመጡት ዓሣ ክንድ ያህል ነበር፣ ይህን ቀንሱት። እትዬ ዘይነብም ሐዘኗን ተቀምጣ ከጨረሰች በኋላ፣ በዓመቱ መስከረም ላይ፣ ከሠፈራ ጣቢያ የመጣ ደግ ገበሬ አግብታ ወደ አቦቦ ሄደች። ሰሌዳውን ቀጣዩ ክረምት በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ገደለው፤ ማንም ሊያስጠግነው አልጠየቀም።

እንግዲህ ሐያት ስልኳን ስትሰጠኝ ይህ ሁሉ በእግሬ በኩል ነው የመጣብኝ። ጩኸቱ ሲያበቃ መንገዷ ታየች፤ ቁጥቋጦዎቹ፣ የክብሪት ራስ የምታህለው መኪና፣ ምንም አልጎደለም። «ተጫወታ» አለችኝ። «አንዴ ሳንነካው እንቆይ» አልኳትና ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። መኪናዋ ብቻዋን ተነሳች። ሰዓቱ ቀትር ነበር። ድልድዩ መጣ።

አልቆመችም። ወደ ግራ አልተጠጋችም፣ መብራቷንም አላጠፋችም፤ ድልድዩን ሰላም ሳትለው በፍጥነት አልፋ ኩርባው ላይ ወደቀች። ደግሜ አየሁ፤ እንደዚያው ነው። ሐያት፣ የእኛ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ የተበላሸ ይሆናል ብላ አስረዳችኝ፤ የተማረች ልጅ ናት፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ስልኩን ይዤ አቦቦ ድረስ ሄጄ ለእትዬ ዘይነብ አሳየኋት። ዛሬ አሮጊት ናት፤ ከአልዌሮ ግድብ ውኃ ብዙም በማይርቅ ደጃፏ ላይ መነጽሯን አድርጋ ትንሿን መኪና እስክትወድቅ ተከተለቻት።

«አልቆመም እኮ እትዬ» አልኳት። «ያኔ ይቆም ነበር፤ አንቺም አይተሻል።»

«ይቆም ነበር» አለች ስልኩን እየመለሰችልኝ። «አሁን ማን ይቁም? ያኔ ወርዷል።»

እኔ ዛሬ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የመኪና ስምሪት ነው የምሠራው። ያኔ የሄደ ሰው መድረሱን የምናውቀው ወይ ሲመጣ፣ ወይ ያየው ሰው ሲመጣ ነበር፤ ዛሬ ከከተማው የሚነሱት መኪኖች ሁሉ በኮምፒውተሬ ላይ ትንንሽ ነጥብ ሆነው ይታዩኛል፣ የት እንደታጠፉ፣ የት እንደቆሙ፣ ስንት እንደሮጡ አያለሁ፤ አባዬ ይህን ቢያገኝ ከወንበሩ አይነሳም ነበር። ነጥብ ማየት ሰው ማየት አለመሆኑን ግን እሱ ከእኔ ቀድሞ አውቆታል። አለቆቼ የእኔ ቢሮ ለምን ጠዋት እንደማይጠረግ ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ስለ አስም አንድ ረጅም ታሪክ ፈጠርኩላቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ኛማል ግን አልጠየቀችኝም፤ ከሰዓት በኋላ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ትቆምና «ሁሉ ገባ?» ትለኛለች።

ትናንት ዝናብ ነበር። «አንዷ ቀርታለች» አልኳት። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጥቧ ከድልድዩ ወዲህ ቆማለች፤ ስልኩ እጄ ሥር ነው፣ የሾፌሩ ቁጥርም አለኝ። ቀኝ እግሬ ወለሉን ረገጠ፤ እጄን ግን አልዘረጋሁም። ሁለታችንም፣ ሾፌሩ ድልድዩን ሰላም ብሎ እስኪጨርስ ጠበቅነው።